መልሱ ሁለት መቶ አሥር ነው ያልሁ ጊዜ

ሰው ዕድሜው ሲገፋ ፍርሃቱ ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ማን እንዳለው አላውቅም፤ አስተማሪ እንዳልነበረ ግን እርግጠኛ ነኝ። አስተማሪ ሲያረጅ የሚፈራው ነገር ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ወጣት ሳለ ተማሪ እንዳይረብሸው ይፈራል። ጎልመስ ሲል ተማሪ እንዳይጠይቀው ይፈራል። ከዚያ በኋላ ጉልበቱን፣ ስኳሩን፣ ጡረታውን ይፈራል። ከሁሉ የከፋው ግን ማንም ለማንም የማይነግረው ፍርሃት ነው፤ «ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርሁት ነገር ለመሆኑ ልክ ነበር?» የሚለው። አብዛኞቻችን ይህን ጥያቄ ከድሮ ፈተናዎች ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆልፈን በሰላም ጡረታ እንወጣለን። እኔም ልወጣ የቀረኝ ጥቂት ዓመት ነበር።

ከሚሴ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ወባ ሲይዘኝ መርፌ የሚወጋኝ ነርስ ተማሪዬ ነበር። ባጃጁን አቁሞ «ቲቸር እንድሪስ፣ ይግቡ» የሚለኝ ሰውዬ ተማሪዬ ነበር፤ ሒሳብ ወድቆ ነው ባጃጅ የያዘው፣ ግን አልተቀየመኝም። በዚህ ከተማ እኔን ደፍሮ «ተሳስተሃል» የሚለኝ ሰው የለም። ጥሩ ነገር ይመስላችኋል? ለእኔም ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። ምክትል ርእሰ መምህራችን ጀማል ቢሮው ጠርቶኝ በአካባቢው ያሉ የሒሳብ መምህራን እኛ ዘንድ ሊሰበሰቡ መሆኑን ነገረኝ። ትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተሮች ስለገቡለት እኛ የምናሳየው በኮምፒዩተር ሒሳብ መሥራትና ፕሮግራም መጻፍ ይሆናል፤ ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፣ የሚያሳየው ደግሞ በዕድሜም በልምድም የቀደምሁት እኔ ነኝ። ቀኑ አሥራ አምስት ቀን ቀርቶታል። እኔ ከኮምፒዩተር ጋር ያለኝ ትውውቅ ፈተና ጽፌ ለጸሐፊዋ መስጠትና እሷ ስትተይበው ከጀርባዋ ቆሞ «ይህቺ ስኩዌር ሩት ወደ ላይ ትውጣ» ማለት ነው። ለጀማል «ኢንሻአላህ» አልሁት። ይህች ቃል ስንት ዓይነት ድንጋጤ እንደምትሸፍን እናንተም ታውቃላችሁ።

ጭንቀቱ በዚያው ቀን ምሳ ላይ ጀመረኝ። እንጀራው አልወርድ አለ። ባለቤቴ ፋጡማ አይታ አይታ «ሰው ሞተ?» አለችኝ። «አልሞተም፤ ኮምፒዩተር ነው» ብላት ምሳውን አነሳችና ሄደች።

ያዳነችኝ ዘምዘም ናት። ዘምዘም የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት ያስተማርኋት ልጅ ነች፤ አሁን ግብርና ቢሮ የምርት ቁጥር የምታጠናቅር ባለሙያ ሆናለች። ስልክ ደውዬ የልቤን ባልነግራትም ድምፄን ሰምታ ገባት መሰለኝ በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ሶፍትዌሩን በፍላሽ ይዛ ኮምፒዩተር ክፍላችን መጣች። ኢንተርኔት እንደ ክረምት ፀሐይ ብቅ ጥልቅ ስለሚል ነው በፍላሽ ያመጣችው። የሶፍትዌሩን ስም አልጠራም፤ ማስታወቂያ ይመስልብኛል።

«ቲቸር፣ እስቲ ሁለት ሲደመር ሁለት ብለው ይጻፉ» አለችኝ። በአንድ ጣት ፈልጌ ፈልጌ ጻፍሁ። አራት አለ። ይህንንስ እኔም አውቀዋለሁ። ቀጥላ ከአንድ እስከ መቶ ያሉትን ቁጥሮች እርስ በርስ እንዳባዛ አዘዘችኝ። ሦስት ቃል የማይሞላ ነገር ጻፍሁና ተጫንሁት። ወላሂ፣ ቁጥሩ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ወደ ታች መስመር ወረደ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «በጣም ትልቅ ቁጥር ነው» ብዬ የማልፈውን ነገር አንድም አኃዝ ሳያጎድል ፊቴ ደረደረው። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየ። በቀጣዩ መስመር አንድ ቅንፍ መዝጋት ረሳሁ፤ ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ።

ለሃያ ስድስት ዓመት ቀይ እስክርቢቶ የያዘ ሰው ቀይ ሲጻፍበት ምን እንደሚሰማው ለእናንተ መንገር ይከብደኛል። ወንበሬን ወደ ኋላ አልሁ። ያበላሸሁት መስሎኝ ኮምፒዩተሩን ላጠፋው ስል ዘምዘም እጄን ያዘችና ምንም እንዳልተበላሸ፣ ቀዩ ስድብ ሳይሆን «እዚህ ጋ አልገባኝም» ማለት እንደሆነ አስረዳችኝ። በዚያ ሳምንት ስንት ቀይ እንዳየሁ አልቆጠርሁም። አንዳንዴ ነጠላ ሰረዝ፣ አንዳንዴ ትልቁን ፊደል በትንሹ ጽፌ፣ አንዳንዴ መስመሩ ገባ ማለት ሲገባው ሳላስገባው። በመንገድ ስሄድ ትእዛዙን እያነበነብሁ ሰላምታ ሳልመልስ የማልፋቸው ሰዎች ለፋጡማ ጤንነቴን ጠየቋት።

በስድስተኛው ቀን ግን የሆነ ነገር ገባኝ። ኮምፒዩተሩን «ከእነዚህ መካከል ይህን ያህል እየመረጥህ፣ እያንዳንዱን ምርጫ እየመረመርህ፣ ልክ የሆነውን ቁጠር» ብሎ ማዘዝ ቻልሁ። አራት መስመር ነች። ለዘምዘም ለስብሰባው ቀን የሚሆን ጥያቄ እንዳለኝ ነገርኋትና ከመሳቢያዬ ያለፈውን ዓመት የውድድር ፈተና አወጣሁ። ከትምህርት ቤታችን አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ለትልቁ ውድድር ለመላክ የመረጥንበት ፈተና ነው። ጥያቄ ቁጥር አሥራ ሰባት እንዲህ ትላለች፦ አምስት ሴቶችና አራት ወንዶች አሉ፤ ቢያንስ ሁለት ሴቶች ያሉበት አራት አባላት ያሉት ኮሚቴ በስንት መንገድ ይመረጣል? መልሷን ከእንቅልፌ ብቀሰቀስ እናገራለሁ፤ ሁለት መቶ አሥር። ይህችን ጥያቄ ከእኔ በፊት ከነበሩት መምህር ነው የወረስኋት፤ ከእነመልሷ።

ጻፍሁት። ተጫንሁት። ቀይ አልመጣም። መቶ አምስት አለ።

አንድ ነገር ረስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ጻፍሁ። መቶ አምስት። ዘምዘም አየችው፤ አጻጻፌ ላይ ምንም ስህተት የለበትም። «ያው ነፃ ነገር እኮ ነው» አልኋት፤ ያልከፈሉበት ነገር ልክ አይሆንም ማለቴ ነበር። እሷ ግን የተመረጡትን ኮሚቴዎች ሁሉ አንድ በአንድ እንዲዘረዝር አዘዘችው፤ ዘረዘረ። ከዚያ ሴትም ይሁን ወንድ ሳይለይ ከዘጠኙ አራት የሚመረጥበትን መንገድ ሁሉ ጠየቀችው። መቶ ሃያ ስድስት አለ። ዘምዘም ያለ ምንም ፌዝ፣ እንዲያው እንዳልገባት ሁሉ እንዲህ አለች፦

«ቲቸር፣ ያለው ሁሉ መቶ ሃያ ስድስት ከሆነ ሁለት መቶ አሥሩ ከየት ይመጣል?»

ራሴን አሞኛል ብያት ወጣሁ። እውነትም አሞኝ ነበር።

ባዶ ክፍል ገብቼ በጠመኔ ሠራሁት። ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ፣ ስልሳ። ሦስት ሴትና አንድ ወንድ፣ አርባ። አራቱም ሴት፣ አምስት። መቶ አምስት። የድሮው ዘዴ ምን ይል ነበር? መጀመሪያ ሁለት ሴቶች ምረጥ፤ ከዚያ ከቀሩት ከሰባቱ ማንንም ሁለት ጨምር። ንጹሕ ይመስላል አይደል? ሀዋን፣ ዘሀራን፣ መሪማንና አሊን ውሰዱ። አንድ ኮሚቴ ናቸው። እኔ ግን ሀዋንና ዘሀራን አስቀድሜ መሪማን ከአሊ ጋር ስጨምር አንድ ብዬ ቆጠርኋቸው፤ ሀዋንና መሪማን አስቀድሜ ዘሀራን ስጨምር ሁለት፤ ዘሀራንና መሪማን አስቀድሜ ሀዋን ስጨምር ሦስት። ሰንበቴ ገበያ እንዲህ ፍየል የሚቆጥር ነጋዴ ቢኖር እስከ ቀትር አይቆይም ነበር። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ቆየሁ።

ይህን እየጻፍሁ ሳለሁ ነው ልጅቷ ትዝ ያለችኝ። ጠመኔውን አስቀመጥሁ።

ሉባባ ትባላለች፤ የጨፋ ሮቢት ልጅ ነች። እዚህ ከሚሴ ከዘመድ ተጠግታ ነው የምትማረው። ባለፈው ዓመት በዚያ ፈተና በአንድ ነጥብ ተበልጣ ሁለተኛ ወጣች። በማግስቱ ቢሮዬ መጥታ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ «ቲቸር፣ አሥራ ሰባተኛው ለእኔ መቶ አምስት ነው የሚመጣልኝ» አለችኝ። ደግመሽ ሥሪው አልኋት። ከሁለት ቀን በኋላ ደብተር ይዛ ተመለሰች። ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው፤ አረንጓዴ ሽፋን ያለው። ሳልገልጠው መለስሁላትና ሰው መሸነፍንም መልመድ አለበት ብዬ መከርኋት። ምክሬ ጥሩ ምክር ነበር። ያስፈለገው ግን ለእኔ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ የተፈጥሮ ሳይንስ ትታ ማኅበራዊ ሳይንስ መረጠች። ሰምቼ «ያሳዝናል፣ ጎበዝ ነበረች» ብዬ አልፌው ነበር።

እንግዲህ ሆድ ይፍጀው ልል አሰብሁ። አልዋሻችሁም፤ ለሁለት ቀን ከማሰብም አልፌ ወሰንሁ። ለስብሰባው ሌላ ጥያቄ መረጥሁ፤ የሦስት ማዕዘን ስፋት፤ ከግሪኮች ጀምሮ ያልተቀየረ፣ አደጋ የሌለው። ግን ሉባባ በግቢው ባለፈች ቁጥር ቆም ብላ «ደህና ዋሉ ቲቸር» ትላለች፤ እኔ ደግሞ ሰዓቴን የማይ መስዬ አልፋለሁ። በዚያ ላይ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፦ የትምህርት ዘርፍ መቀየር የሚፈልግ ተማሪ እስከሚቀጥለው ዓርብ ያመልክት። ወረቀቱ ከመምህራን ማረፊያ በር አጠገብ ነው። ሻይ ልጠጣ ስገባ አነበዋለሁ፤ ጠጥቼ ስወጣም አነበዋለሁ።

ዘምዘም የጠየቀችኝ ነገር የለም። አንድ ቀን ብቻ ስለ ሶፍትዌሩ ስታወራኝ ስልኳን አውጥታ አንድ ገጽ አሳየችኝ። ክፍት የሚባለው እኮ ዋጋ ስለሌለው ብቻ አይደለም አለችኝ፤ ውስጡ እንዴት እንደሚቆጥር ማንም ገልጦ ያያል፤ ስህተት ያገኘ ይጽፋል፤ የሠሩት ሰዎችም ያርማሉ። ገጹ ከላይ እስከ ታች የስህተት ዝርዝር ነው። ይህ ልክ አይደለም፣ ያ ተስተካክሏል፣ ያገኘው እገሌ ነው ይላል። አዋቂ የተባሉ ሰዎች ስህተታቸውን በር ላይ ለጥፈው ሲኖሩ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኛ አገር በር ላይ የሚለጠፈው የተማሪ ስህተት ነው። የመምህሩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቁልፉም ኪሱ።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጨፋ ሮቢት ወረድሁ። ሉባባ በሳምንቱ መጨረሻ ቤተሰቧ ጋ እንደምትሄድ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ትምህርት ቤት ውስጥ ብነግራት ጆሮ ይበዛል ብዬም ነው። መንገዱ ሁሉ ማሽላ ነው፤ ዛላው ደርቆ ራሱን ደፍቷል። እኔም እንደዚያው። ምን ብዬ እንደምጀምር በልቤ እየጻፍሁ እሰርዛለሁ። አባትየው ወፍ የሚጠብቅበትን ወንጭፍ አንሥቶ ቢያባርረኝስ? ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ቢጮህስ? ከሚሴ ቢሰማስ? ከሚሴ እኮ ትንሽ ከተማ ናት፤ የነገሩት ነገር ከተናጋሪው ቀድሞ ቤት ይገባል።

አባቷ ይማም ማሳው መሀል ከማማ ላይ ሆኖ ወፍ እየጠበቀ ነበር። ሲያየኝ ወረደ፤ ሰላምታው በኦሮምኛም በአማርኛም ረዘመ፤ ልጄ ምን አጠፋች ብሎ እንደፈራ ከፊቱ አወቅሁ። መምህር ቤት ድረስ ሲመጣ ለክፉ እንጂ ለሌላ መጥቶ አያውቅም። ወደ ማሳው ዞሮ «ሉባባ፣ ኮቱ» ብሎ ጠራት። መጣች፤ ወንጭፍ በእጇ ነው።

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «አሥራ ሰባተኛው መቶ አምስት ነው» አልሁ። «አንቺ ልክ ነበርሽ። የተሳሳትሁ እኔ ነኝ።»

አባቷ ነገሩ እንዲገባው ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርሁት፤ ስለ ኮሚቴው፣ ስለ ኮምፒዩተሩ፣ ስለ አንዷ ነጥብ። ስጨርስ ይማም መሬት ቁጭ አለና ወንጭፏን ከእጇ ተቀብሎ ይጠቀልል ጀመር።

«ያኔ እያለቀሰች መጥታ ነግራኝ ነበር» አለኝ። «መምህር አባት ነው፣ ከአባት ጋር ክርክር የለም፣ ዝም በይ ያልኋት እኔ ነኝ። እንግዲህ ሁለት ሆን።»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሉባባን ደብተሩ ላይ ምን እንደነበር ጠየቅኋት። ጎጆ ገብታ አመጣችው፤ ያው አረንጓዴው። ገለጥሁት፤ ከዓመት በኋላ። ስድስት ገጽ ሙሉ፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ የዘጠኝ ልጆች ስም እየተፈራረቀ፣ እያንዳንዱ ኮሚቴ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የመጨረሻው ላይ መቶ አምስት ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ኮምፒዩተሩ በዐይን ቅጽበት የዘረዘረውን ልጅቷ በእጇ ዘርዝራው ነበር። እኔ ለመግለጥ የሰነፍሁት ይህን ነው።

«ሁለት ጊዜ ቆጠርሁት፤ ሁለቴም ያው መጣ» አለች ቀስ ብላ። «ከዚያ ግን ቲቸር ተሳሳቱ ከማለት እኔ ሒሳብ አልችልም ማለት ቀለለኝ።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር በሄድሁበት ሁሉ ይዣት እዞራለሁ። የዘርፍ መቀየሪያው እስከ ዓርብ መሆኑን ነገርኋት። አስብበታለሁ አለች፤ አባቷ ሊናገር ሲል «አባባ፣ እኔ ነኝ የማስበው» አለችው። ይማም ወደ ወንጭፉ ተመለሰ። ደስም ያለው መሰለኝ።

የስብሰባው ዕለት ሐሙስ ነበር። ሦስት ማዕዘኑን ትቼዋለሁ። ክፍሉ በመምህራን ሞልቶ፣ ፕሮጀክተሩ እየጋለ፣ እኔ ከውስጥም ከውጭም በላብ ርሼ፣ መብራት እንዳይጠፋ እየጸለይሁ፣ ደግሞም በጠፋ እያልሁ፣ ጥያቄ ቁጥር አሥራ ሰባትን ጻፍሁላቸውና መልሱን የሚያውቅ እጁን ያንሣ አልሁ። የብዙው ሰው እጅ ተነሣ። ሁለት መቶ አሥር። አንድ ሁለቱ ብቻ በወረቀት ላይ መሥራት ጀምረዋል። አራቷን መስመር በአንድ ጣቴ ጻፍሁ፤ የመጀመሪያዋ ቀይ አወጣች፤ አረምሁ፤ መቶ አምስት መጣ። ከኋላ አንዱ ማሽኑ ተበላሽቷል አለ። ያኔ በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ሉባባን ጠራኋት። እንድትመጣ የጠየቅኋት እኔ ነኝ፤ የመጣችው ግን ወዳ ነው። ደብተሯን ይዛ ወጥታ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ፣ እነሀዋና እነመሪማ እንዴት ሦስት ጊዜ እንደተቆጠሩ አስረዳች። እኔ ካስረዳሁት የተሻለ ነበር። ከዚያ እኔ ተነሥቼ ይህች ልጅ ዓምና ነግራኝ እንዳልሰማኋት ተናገርሁ። ተናግሬ ስጨርስ ተቀመጥሁ።

መጀመሪያ የተናገረው ከሰንበቴ የመጣ የድሮ ጓደኛዬ ነው። መነጽሩን አወለቀና «አንተ እንድሪስ» አለኝ፤ «መልሱን እኮ እኔ ከአንተ ነው የወሰድሁት። አሥር ዓመቴ ነው።» ሌላውም ከእሱ ወስዶ ኖሯል። ለካ ሁለት መቶ አሥር በየከተማው ልጅ ወልዳ፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ ተከብራ ትኖር ነበር። የተማረ ይግደለኝ ያለው ሰው እንደ እኛ ዓይነቱን ሳያይ አልቀረም።

ዓርብ ጠዋት ሉባባ መጣችና ማመልከቻው ላይ እንድፈርምላት ጠየቀችኝ። ተያይዘን ጀማል ቢሮ ገባን። ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ፤ ሦስት ምርጫ አለው፤ ጤና፣ የቤተሰብ ዝውውር፣ የተማሪ ፍላጎት። እኔ ከሦስቱ በታች በእስክርቢቶ «የመምህሩ ስህተት» ብዬ ጻፍሁ። ጀማል አየው። እንዲህ የሚባል ምክንያት የለም፣ የተማሪ ፍላጎት በለውና እንገላገል አለኝ። ይህ ነው ምክንያቱ አልሁት። ወደ እኔ አየ፣ ወደ ልጅቷ አየ፣ ሰዓቱን አየ፤ ዓርብ ነው፣ ጁምዓ እየደረሰ ነው። ማኅተሙን አነሣና መታው። ማኅተሙ «ስህተት» የምትለዋ ቃል ላይ ልክ አረፈባት። አሁን ፋይሉን የሚያይ ሰው የሚያነበው «ምክንያት፦ የመምህሩ» የሚለውን ብቻ ነው። የመምህሩ ምን? የፈለገውን ይሙላበት። ልጅቷ ገብታለች፤ አልሀምዱሊላህ።

እኔ ግን ጭንቀቱ ለቆኛል ብላችሁ እንዳታስቡ። ብሶብኛል። የድሮ ፈተናዎቼን በሙሉ አውጥቼ፣ መልሶቻቸውን በየተራ እየመረመርሁ ነው፤ እስካሁን ሁለት አግኝቻለሁ፤ ሦስተኛውን እጠረጥረዋለሁ። አዲስ ፈተና ሳወጣና መልሱን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ፋጡማ ሐኪም ቤት እንሂድ ትለኛለች። ይንቀጥቀጥ ተዪው እላታለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲሳሳት አንድም ቀን አልተንቀጠቀጠም።